ከቶፖሎጂ በፊት ያለው ዳገት

ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶልያና አማረ
ሴገድ፣ ሃንጋሪ

ይህች ወረቀት አገር አቋርጣ እጅሽ ስትገባ በሙሉ ጤና ታግኝሽ። እኔ ጉልበቴን አልፎ አልፎ ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ፤ እዚህ ያደረሰኝ አምላክ ይመስገን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ስንዴውም ሊደርስ ነው፣ ብርዱ ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ ገብቷል።

ጸሐፊው ማን እንደሆነ ግራ እንዳይገባሽ፣ እንዳላማው ነኝ። የአባትሽ የአማረ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአጎቱ ልጅ፤ አራተኛ ክፍል ሳለሽ አማርኛ ያስተማርሁሽ። ድርሰት ጻፉ ብል ሁለት መስመር ጽፈሽ "ጨርሻለሁ፣ የቀረው ግልጽ ነው" ያልሽኝን አልረሳሁትም። የሂሳብ ሰው እንደምትሆኚ ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እናትሽ አመተ ማርያም እኔንና የንስሐ አባቷን ቄስ ይታያልን ደጀ ሰላሙ ይዛን ገባች። ጠላ ቀድታልን እንደተቀመጥን "ሽማግሌ ሁኑልኝ" አለች።

"ከማን ጋር ተጣላሽ?" አልኋት።

"ከልጄ ጋር። ሁለተኛ ዲግሪሽን ስትጨርሺ ትመጫለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ዶክተር ልሁን፣ አራት ዓመት ልጨምር ትለኛለች። እናንተ ትልልቆቹ ጻፉላትና ትምጣልኝ።"

ቄስ ይታያል ምን እንደምትማሪ ጠየቋት። "እንጃ አባቴ! ቶፖሎጂ ነው የምትለው። ገበያ ላይ ሰዉ ሲጠይቀኝ ሂሳብ ነው እላለሁ። ሂሳብማ እዚህም አለ ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ?" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እኔ እንግዲህ በዚህ አገር ስንት የድንበር ክርክር ዳኝቻለሁ። መሬቱን በእግሬ ሳልረግጥ፣ ከዳር እስከ ዳር ሳላየው ፈርጄ አላውቅም። ይህንንም ነገርኋት። "ያላየሁትን ነገር ተይው ብዬ ልጅቱን አላዝዛትም። መጀመሪያ ልየው። ቀጠሮ ስጪኝ" አልሁ። እናትሽ ተቆጣች፣ ቄስ ይታያል ሳቁ፣ በመጨረሻ እስከ ጥምቀት ሰጠችኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ቶፖሎጂን ልማር ነው። ግን እኔ የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ፤ ዳዊት ሳልደግም ቅኔ ቤት ያስገባኝ መምህር አልነበረም። ለዚህኛውም ዳዊቱ ምን እንደሆነ ንገሪኝ። ከቶፖሎጂ በፊት ሰው ምን ማወቅ አለበት? በወረቀት ጻፊልኝ። በስልክ ጆሮዬ አያነሳልኝም፣ ኔትወርኩም እንደ ፈቀደ ነው፣ ሂሳብም ደግሞ ካላዩት አይገባም።

አባቶችሽን የጠበቀች የእመቤታችን ጸሎት አንቺንም ከበረዶው ትጠብቅሽ።

ሽማግሌሽ፣ አሁን ደግሞ ተማሪሽ፣
እንዳላማው

*

ሴገድ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሸ እንዳላማው

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ፖስታውን ሳልከፍተው ነው የእርስዎ መሆኑን ያወቅኩት፤ ጽሑፍዎ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንደነበረው አሁንም ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ማንበብ ስጀምር "ተመለሺ" ሊሉኝ ነው ብዬ ልቤ ደንግጦ ነበር። "ከቶፖሎጂ በፊት ሰው ምን ማወቅ አለበት" የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቄ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘመዶቼ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ባል ጠይቀውኛል። ይህን የጠየቀኝ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

እማዬ ካልመረቀችኝ አልፈርምም። ለዩኒቨርሲቲው መልስ የምሰጠው እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። ሐምሌ ላይ እንደሆነ መምጣቴ አይቀርም፤ ወይ ሻንጣዬን ሁሉ ጠቅልዬ ነው፣ ወይ ለአንድ ወር ጥየቃ። የትኛው እንደሆነ በእናንተ እጅ ነው። እኔ መቀጠል እፈልጋለሁ ጋሸ። ይህን ለእማዬ በስልክ ስነግራት ድምፄ ይቆራረጣል፤ ለእርስዎ ስጽፈው ግን አልፈራሁም።

አሁን ወደ ዳዊቱ። ብዙ ስሌት ይኖራል ብለው እንዳይሰጉ፤ ማባዛት እንኳ እምብዛም አያጋጥምዎትም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስብስብ ነው፤ ነገሮችን ሰብስቦ እንደ አንድ ነገር ማየት፣ የዚህና የዚያ ስብስብ የጋራቸው ምንድን ነው፣ አንድ ላይ ሲሆኑስ ብሎ መጠየቅ። ከሱ ጋር "ለእያንዳንዱ" እና "አለ" የሚሉትን ቃላት አጥርቶ መስማት ይመጣል። ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚያ ላይ ነው። ፈንክሽን ይከተላል፣ እሱን ኋላ እነግርዎታለሁ። ከዚያ የቁጥር መስመርና ርቀት። ርቀትን በደንብ የጨረሰ ሰው ቶፖሎጂ በር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ደግሞ በየመንገዱ ለምን እንደሆነ ማረጋገጥ አለ። "ግልጽ ነው" ማለት ክልክል ነው፤ ለእኔም አራተኛ ክፍል ላይ የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት።

ስለ ስብስብ ጥቂት ገጽ ጽፌ አያይዣለሁ። አንድ ጥያቄም ይኸው፦ ምንም የሌለበት ስብስብ፣ ባዶው፣ የማንኛውም ስብስብ ንኡስ ስብስብ ነው፣ ማለትም በውስጡ ያለው ሁሉ በዚያኛውም አለ ይባላል። ለምን?

እማዬን ሳሙልኝ። ቄስ ይታያልንም መስቀላቸውን።

አክባሪዎ ሶልያና

*

ሮብ ገበያ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄና ለመምህሬ ለሶልያና

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰሽ። ታቦቱ በሰላም ወጥቶ በሰላም ገብቷል። እናትሽ በአዲስ ቀሚስ እንደ ሙሽራ አምራ ነበር፤ ስትዘፍን እንኳ በጎሪጥ እያየችኝ ነበር፣ ቀጠሮዬ ማለፉ ነውና።

የላክሽውን ገጽ ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። አዎ፣ በቃሌ። እኛ ስንማር ንባቡ ይቀድማል፣ ትርጓሜው ኋላ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ ላይ "የሀ እና የለ ኅብረት ማለት በሀ ወይም በለ ውስጥ ያሉት ሁሉ ናቸው" እያልሁ ስደግም፣ ጎረቤቴ የብርጓል አዲስ ጸሎት የጀመርሁ መስሏት "አሜን" ትላለች።

የባዶውን ነገር ከቄስ ይታያል ጋር ተከራክረንበታል። ቄሱ "አባል የሌለው ማኅበር ምን ማኅበር ነው! ማን ጠላ ይጠምቃል?" ብለው አሻፈረኝ አሉ።

"እሺ" አልኋቸው፣ "ባዶው ማኅበር የሚካኤል ማኅበር አካል አይደለም ካሉ፣ ከባዶው ማኅበር ውስጥ አንድ ሰው ይጥሩልኝ፣ የሚካኤል ማኅበርተኛ ያልሆነ።"

"ማንን ልጥራ? ማንም የለበትም።"

"እንግዲያው ተረትተዋል!"

ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ወዲያ ቀጣዩ ደብዳቤሽ እስኪመጣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይቸኩላሉ።

በ"ለእያንዳንዱ" ላይ ግን ወደቅሁ። "ለእያንዳንዱ ክርስቲያን የንስሐ አባት አለ" ብዬ ጻፍሁ፣ ቀጥዬ ደግሞ "ስለዚህ የሁሉም ክርስቲያን የሆነ አንድ የንስሐ አባት አለ" አልሁ። ለቄሱ ሳነብላቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። "የሲናን ወረዳ ሕዝብ ሁሉ ኃጢአቱን እኔ ላይ ሊያራግፍ ነው?" አሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቃላቱ ያው ናቸው፣ ቦታቸው ሲለዋወጥ ግን አንድ ምስኪን ቄስ ያልቃሉ።

እናትሽን ሌላ ቀጠሮ ጠየቅኋት። "ገና ስብስብ ላይ ነኝ፣ ፈንክሽን እንኳ አልጀመርሁም" አልኋት። "እኔ ልጄን ልመልስ ብዬ ሰው ብልክ፣ የላክሁት ሰው አብሯት ተማሪ ሆኖ ቀረ!" አለች። ግን እስከ ፋሲካ ሰጥታኛለች። ደግሞ ልብ በይ፣ ስትቆጣ ቆይታ ስንለያይ "ያ ባዶው ማኅበር እንዴት ሆነ?" ብላ ጠይቃኛለች።

እንዳላማው

*

ሴገድ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሸ እንዳላማው

ደብዳቤዎን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር የከፈትኩት፤ "አንድ ምስኪን ቄስ ያልቃሉ" የሚለው ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ሳቅኩ። የባዶው ማረጋገጫዎ ፍጹም ነው፤ አንድም የምጨምርበት ነገር የለም።

በቃል መያዙን ግን አይመኑት። እዚህ ትርጉሙ ንባቡን መጠበቅ የለበትም። አንድ ፍቺ ባነበቡ ቁጥር ወዲያው ከአካባቢዎ አንድ የሚስማማ ምሳሌና አንድ የማይስማማ ይፈልጉለት። የማይስማማው ይበልጣል።

ፈንክሽንን ሳያውቁት ጀምረውታል። ለእያንዳንዱ ምእመን የንስሐ አባቱን መስጠት ፈንክሽን ነው፤ ማንም ሰው ያለ አባት አይቀርም፣ ሁለትም አይይዝም። አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ይሂዱ። ቄስ ይታያልን ብቻ ብጠራ፣ ወደ እሳቸው የሚሄዱት የንስሐ ልጆቻቸው በሙሉ ተከትለው ይመጣሉ። ይህ ወደ ኋላ መሰብሰብ ቶፖሎጂ ውስጥ በየገጹ ያጋጥምዎታል፣ ስለዚህ እጅዎ ይልመደው።

ከዚህ ቀጥሎ ርቀት ነው። ርቀት ለመባል ደንቦች አሉት። ከአንድ ቦታ ወደ ራሱ ምንም ርቀት የለም፣ በተለያዩ ቦታዎች መካከል ግን አለ። መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው። በሌላ ቦታ ዞሮ መሄድ ደግሞ ከቀጥታው መንገድ አያጥርም። እነዚህን የሚያሟላ አንድ ምሳሌ ከሮብ ገበያ ይፈልጉልኝ። ከመጽሐፍ እንዳይሆን።

እማዬ በስልክ የምታወራኝ ስለ ጤናና ስለ ላሟ ብቻ ነው። ትምህርቱን ሳነሳ ዝም ትላለች። ተቀይማኛለች? አይደብቁኝ። ደግሞ ሰው ካገኙ ትንሽ በሶ ይላኩልኝ፤ ጾሙ ሲገባ እዚህ ምን እንደምበላ ግራ ይገባኛል።

ሶልያና

*

ሮብ ገበያ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለሶልያና

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። በሶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተነሥቷል። የፈጨችውም ያሸገችውም እናትሽ ናት፤ "ከእኔ ነው እንዳትላት" ብላኛለች፣ ይኸው አላልሁም።

ምሳሌሽን አግኝቻለሁ! ትናንት የሮብ ገበያ ነበርና እናትሽ ገብስ ይዛ ወርዳ አገኘኋት። "ከቤትሽ እስከዚህ ስንት ያደርሳል?" አልኋት። "ሁለት ሰዓት" አለች። እኔም እዚያው ገበያው መሐል እጄን አጨበጨብሁ። በዚህ አገር በሜትር የሚለካ ማን አለ? የእኛ ርቀት የእግር መንገድ ሰዓት ነው። ከቤቴ ወደ ቤቴ ምንም አይፈጅም። ሌላ ቦታ ለመሄድ ግን ይፈጃል። በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሬ ብሄድ ከቀጥታው አያጥርልኝም፣ ደግሞ እዚያ ወሬ ይይዘኛል። መሄጃና መመለሻ እኩል ነው የሚለው ግልጽ ነው፤ መንገዱ ያው አንዱ መንገድ ነው፣ ማንም አልቀየረውም።

ስለ እናትሽ አይደብቁኝ ብለሻል። አልተቀየመችሽም። ፈርታለች። ምን እንደፈራች ግን ለእኔም አልነገረችኝ።

እንዳላማው

*

ሴገድ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሸ እንዳላማው

እንኳን ለሆሳዕና በሰላም ያድርስዎ። በሶው ደርሶኛል፤ ከማን እንደሆነ አስተሻሸጉ ነግሮኛል። ቋጠሮውን ስፈታ አለቀስኩ፣ ከዚያ በጥብጬ ጠጣሁ።

ምሳሌዎ ትክክል ነው! በጣም ወደድኩት። እኔም ለካሁ፤ ከቤቴ እስከ ትምህርት ክፍሉ በብስክሌት ሃያ ደቂቃ፣ መመለሻውም ሃያ ደቂቃ። ለጓደኞቼም "በእኛ አገር ርቀት በሰዓት ነው" ብዬ ነገርኳቸው። እንግዲህ ርቀትን ጨርሰዋል፤ በሩ ላይ ነዎት። ቸኩያለሁ፣ ፈተና አለብኝ፣ አጭር ስለሆነ ይቅርታ።

ሶልያና

*

ሮብ ገበያ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶልያና

እንኳን ከጾም ወደ ፍስክ አሸጋገረሽ። ዶሮው ተበልቷል፣ ቄስ ይታያል ድምፃቸው ዘግቷል፣ እኔ ደግሞ እግሬን በሙቅ ውሃ ነክሬ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ልጄ፣ ሁለታችንም ተሳስተናል።

የፋሲካ ዕለት ከቄሱ ጋር ሆነን ወደ እናትሽ ቤት ወጣን። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነው፤ "ትክክል ነው" የሚለውን ለእናትሽ ላነብላት ቸኩያለሁ። ሁለት ሰዓት መንገድ አይደል? ሁለት ሰዓት ሄድን፣ ገና ግማሹ ላይ ነን። ጉልበቴ እምቢ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ቁልቁል ሮብ ገበያ ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ይታያል። ቄሱ ላባቸውን እየጠረጉ "እንዳላማው፣ ይኸ መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው ያልኸው መንገድ ነው?" አሉኝ።

እናትሽ ሁለት ሰዓት ያለችኝ ወደ ገበያ ስትወርድ ነው! እንዴት አልታየኝም? በዚህ አገር ሰው "ስንት ሰዓት ነው" ብሎ ሲጠይቅ ወደየት እንደሚሄድ ያው ይታወቃል፣ ማንም ዳገቱን አይናገረውም። "ግልጽ ነው" ብዬ ዘለልሁት። አራተኛ ክፍል ብትሆኚ ኖሮ ጆሮሽን የምቆነጥጥሽ እኔ! አንቺም ደግሞ "ትክክል" ብለሽ አረምሽ። በልጅነትሽ ስንት ጊዜ በዚያ ዳገት ጋን የሚያህል ጀሪካን አዝለሽ የወጣሽ ልጅ!

ደርሰን ለእናትሽ ነገርናት። እየሳቅሁ ነበር የነገርኋት። እሷ ግን አልሳቀችም። ሳህኑን አስቀምጣ "ልጄ ዳገቱን ረሳችው?" አለች።

ቀጥላም እንዲህ አለች፦ "እኔ የምፈራው እኮ ይኸንን ነው። ስትሄድ ቁልቁለት ነው፣ እግር ራሱ ይወስዳል። መመለሻውን ነው የምፈራው። አራት ዓመት ስትጨምር ዳገት መኖሩን ጭራሽ ትረሳዋለች።"

የመጨረሻ ቀጠሮ እስከ ጰራቅሊጦስ ሰጥታናለች። የምትዪው ካለ ቶሎ ጻፊ።

እንዳላማው

*

ሴገድ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሸ እንዳላማው፣ ለቄስ ይታያል፣ ለእማዬም

ይህን ደብዳቤ ለሦስታችሁም ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።

ረስቼዋለሁ። አልረሳሁም ብዬ አልዋሽም። ይህ ከተማ እንደ ምጣድ ሜዳ ነው፤ ወንዝ ዳር ሄደው ቢያዩ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ኮረብታ የለም። ብስክሌቴን እየነዳሁ ሃያ ደቂቃ ሄድኩ፣ ሃያ ደቂቃ ተመለስኩ፣ "ትክክል" ብዬ አረምኩ። የእማዬን ቃል ሳነብ ፊቴ ጋለ። ሁለት ቀን ምንም መሥራት አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። መንገዱ እውነተኛ ነው፣ ሰዓቱም እውነተኛ ነው። የማይስማማው ያ አንዱ ደንብ ነው። እሺ፣ ደንቡን ብተወውስ? ምን ይተርፋል? ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። ከአንድ ቤት ተነሥቶ በትንሽ ጊዜ የሚደረስባቸውን ቦታዎች ሁሉ የዚያ ቤት ጎረቤት እንበላቸው። ቶፖሎጂ የሚቆመው ክፍት በሚባሉ ስብስቦች ላይ ነው፤ አንድ ስብስብ ክፍት ነው የምንለው፣ በውስጡ ላለ ለእያንዳንዱ ቤት፣ ቢያንስ የቅርብ የቅርብ ጎረቤቶቹን አብሮ የያዘ እንደሆነ ነው። ይህን ለማለት መሄጃና መመለሻ እኩል መሆናቸው አያስፈልግም! ጋሸ፣ ነገሩ ሁሉ ጸንቶ ቆመ። ዳገቱ ባለበት እንዳለ ቆመ።

ወደ አስተማሪዬ ሮጥኩ። እሷም ሳቀችና ይህ ቀድሞ የታወቀ ነገር መሆኑን፣ ስምም እንዳለው ነገረችኝ። ግን ማን እንዳሳየኝ ስነግራት፣ የእማዬን መንገድ በሰሌዳ ላይ ሥላ ለክፍሉ ሁሉ አስረዳች። ከላይ ቤት፣ ከታች ገበያ። እዚህ ሜዳ ላይ ያደጉ ልጆች ዳገታችሁን ደብተራቸው ላይ ገልብጠውታል።

ቶፖሎጂ ማለት ይኸው ነው ጋሸ። ሜትሩን ይተዉት፣ ሰዓቱን ይተዉት፣ ማን ከማን ጋር ቅርብ እንደሆነ ብቻ ይያዙ። የሚቀረው እሱ ነው። እርስዎ ከቶፖሎጂ በፊት ያለውን ሲጠይቁኝ ኖረው፣ በጉልበትዎ ውስጡ ገብተዋል።

እማዬ፣ ሐምሌ ላይ ከሮብ ገበያ እስከ ቤት በእግሬ ነው የምወጣው። ማንም በበቅሎ እንዳይቀበለኝ። እንድቀጥል ካልፈቀድሽ ሻንጣዬን ተሸክሜ እወጣለሁ፣ ከፈቀድሽ ባዶ እጄን እወጣለሁ። ዳገቱን ግን ሁለቱንም ጊዜ እወጣዋለሁ። ፍርዱን እቀበላለሁ።

ልጃችሁ ሶልያና

*

ሮብ ገበያ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶልያና

ይህን የምጽፍልሽ ከደስታ የተነሣ እየቸኮልሁ ነውና ጽሑፉ ከወትሮው የበለጠ ወደ ላይ ቢወጣ አትፍረጂብኝ።

ትናንት ጰራቅሊጦስ ነበር። እኔና ቄስ ይታያል ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን፣ በየድንጋዩ እያረፍን፣ እናትሽ ቤት ደረስን። ፍርዳችንን በሥርዓት ጽፈን ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። መግቢያው ብቻ አንድ ገጽ ሙሉ ነው፤ ቄሱ ግእዝ ጨምረውበታል።

መጀመሪያ ደብዳቤሽን አነበብሁላት። "ረስቼዋለሁ" የሚለው ላይ ስደርስ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አመጣች። "አልዋሸችኝም" አለች። ከዚያ የመንገዷ ሥዕል ሰሌዳ ላይ መውጣቱን ስትሰማ ቀና አለች። "የኔ መንገድ? ፈረንጆቹ?" አለች። አዎ አልናት። "ወፍጮ ቤቱንም ሥለውታል?" አለች። ይህን እኛ ስለማናውቅ አንቺ መልሺላት፣ ነገሩ በጣም አስጨንቋታል።

"አሁን ምን እንደምትማር ገባሽ?" አልኋት።

"ማን ከማን ጋር ቅርብ እንደሆነ፣ ሳይለኩ" አለች። "ይኸንንማ ገበያ ላይ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትለኝ ምን ነበረበት!"

እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ፍርዱን ለማንበብ ተነሣሁ። እናትሽ ግን እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ። አንድ ነገር ስታስብ ቆይታ ነበር።

"ከእሷ ወደ እኔ ዳገት ነው አላችሁ?"

"ዳገት ነው" አሉ ቄሱ።

"ከእኔ ወደ እሷስ?"

ቄስ ይታያል እኔን አዩኝ። እኔም ቄሱን አየኋቸው። ስድስት ወር ሙሉ ስብስብና ፈንክሽን ስንማር ከርመን ይህ ለሁለታችንም አልታየንም ነበር።

"ቁልቁለት ነው" አልሁ።

"ታዲያ እኔን ምን አስቀመጠኝ?" ብላ ብድግ አለች። "ሁልጊዜ ትውጣ፣ ትውጣ እላለሁ። እኔስ እግር የለኝም? እኔ እወርዳለሁ!"

ፍርዳችን በኪሴ ቀረ። ቄሱ ቢያንስ የግእዙን መግቢያ ላንብብላችሁ ብለው ነበር፣ የሰማቸው የለም። እናትሽ ዳቦ ቆርሳ ጎረቤት እየጠራች ነበር። ከኋላችን ወጥታ የደረሰችው ጎረቤቴ የብርጓልም ያችን "አሜን" በቦታዋ አለቻት። በሕይወቴ ብዙ ሽምግልና ተቀምጫለሁ፣ ያልፈረድሁበት ሽምግልና እንዲህ ሲያስደስተኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

የሚቀጥለውን ትምህርት ላኪልኝ፤ አሁን ያለ ቀጠሮ ነው የምማረው። ቄሱም "ለእኔ ለብቻዬ ይላክልኝ" ብለዋል።

እናትሽ ዛሬ አብራን ወርዳ ከአጠገቤ ተቀምጣ "የመጨረሻውን እንደምናገረው አድርገህ ጻፍልኝ" ትላለች፤ ቃሏ ይኸው ነው፦

"ሶልዬ፣ ፈርሚ። በሐምሌ አዲስ አበባ አውቶቡስ ስትሳፈሪ ደውዪልኝ። ደብረ ማርቆስ እስክትደርሺ አትጠብቂኝ፣ ከዚያ በፊት ሉማሜ ላይ፣ አውቶቡሱ የሚቆምበት ሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ። ዳገቱን አብረን እንወጣዋለን።"